የደጉ ፍሬን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለቸኮል ግን መልአኩ ሳይሳሳት አልቀረም። ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር መኪና ከነዱት ሰዎች ሁሉ እንደ እሱ ዝግ የሚል አልነበረም። ተሳፋሪዎቹ "በእግራችን ብንሄድ ይሻለን ነበር" እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጭኖ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይነዳል። ቢያናግሩት አይመልስም። ቁልቁለት ሲደርስ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ አጠገቡ የተቀመጡት የሚጸልይ ይመስላቸዋል። በእርግጥም ይጸልያል።

ትውልዱ ስማዳ ነው። አባቱ ገብስና ባቄላ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ፤ መሬቱ ግን ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰችው ቁራሽ ጥማድ በሬ ማዞሪያ እንኳ የማትበቃ ሆነች። ስለዚህ ጎረምሳ ሳለ ጓዙን አንጠልጥሎ ወደ እስቴ ወጣ፤ ከተማዋ መካነ ኢየሱስ ገብቶ እህል በመሸከም ላይ ሳለ ደጉ የሚባል ሾፌር አየው። ደጉ ከጣሊያን የቀረ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። ጆንያ ሲጭን የቸኮልን ጀርባ ተመለከተና "ና፣ ረዳት ሁነኝ" አለው። ቸኮል ብዙ ዓመት ከእሱ ጋር ኖረ። ጎማ መፍታትን፣ በኋላም መንዳትን የተማረው ከደጉ ነው፤ ወጥም ብዙ ጊዜ የበላው ከደጉ ሚስት ከታንጉ እጅ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ ሲወረድ ዝንጀሮ ገደል የሚባል ቁልቁለት አለ። መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ እንደ መቀነት ዞሮ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ባዶ ነው። ቸኮል የአባቱን ተዝካር ለማውጣት ስማዳ በሄደበት ሰሞን የደጉ መኪና ከዚያ ቁልቁለት ገደል ገባ። ደጉና አብረውት የነበሩ ሁለት የእህል ነጋዴዎች ሞቱ። ያየም የተረፈም ሰው አልነበረም፤ ወሬው ግን ወዲያው ተገኘለት። ደጉ ፍሬኑን ላሠራ ብሎ ጎንደር ሄዶ ገንዘቡን ጠጅ ቤት ጨርሶ ተመለሰ፤ ባልተሠራ ፍሬን ሰው ጭኖ ወረደ፤ ሰው ፈጀ። አገሩ ሁሉ ይህን አለ፣ ይህን አመነ። ሾፌሮቹ ደግሞ ከሌላው አብልጠው አመኑት። እውነት ከሆነ፣ ፍሬኑን የሚጠብቅ ሰው አይሞትም ማለት ነውና። ቸኮልም በዚህ እምነት ላይ ተደግፎ መሪ ጨበጠ። ሚስቱ ባንቺዓለም ከወላጆቿ የወረሰቻቸውን ከብቶች ሸጠች፤ ወንድሟ ሙላው ከውትድርና ሲሰናበት ያገኘውን ጨመረ፤ እንደ ደጉ መኪና ያለችውን፣ በዕድሜም በዓይነትም እኩያዋን ገዙ። ቸኮል ነጂ፣ ሙላው ረዳት ሆነ።

ጃንሆይ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ መኪናዋ መጮህ ጀመረች።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ሳቀ። ፍሬን ሲረገጥ ከኋላ ጎማ የሚወጣው ድምፅ ጅብ የያዛት አህያ ትጮኸዋለች የሚባለውን ዓይነት ነበር። በሳምንቱ ግን ሳቁ ቀረ። በገበያ ቀን ከከተማው መግቢያ ላይ ቸኮል ፍሬን ቢይዝ የአንድ ባላገር በቅሎ ደንብራ ሰውዬውን ከነካባው እበት ላይ ጣለችው። ውሾች ከሩቅ ሰምተው ያላዝናሉ። አሮጊቶች ያማትባሉ። አንድ ነጋዴ "ቅቤ ቀባው እንጂ፣ የደረቀ ነገር ነው የሚጮኸው" ብሎ መከረው።

"ፍሬን ቅቤ ከቀመሰ ማቆም ይረሳል" አለ ቸኮል። ሰዎቹ ቀልድ መሰላቸውና ሳቁ።

እሱ አልቀለደም። ሌሊት ተኝቶ ያንን ጩኸት ይሰማዋል። ባንቺዓለም እግሩ በእንቅልፉ ውስጥ ሲረግጥ፣ ሲረግጥ ትሰማለች። ጠዋት ስትጠይቀው "ደህና ነኝ" ይላል፤ ቁርሱን ግን አይጨርስም። ተሳፋሪውም እየሳሳ ሄደ። ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ ዱላውን ይዞ በእግሩ ይነሳል፤ ወይም አህያውን ይጭናል። ተሳፋሪ ሲጠፋ ፍሬን የሚሠራበት ገንዘብም ጠፋ፤ ፍሬኑ ካልተሠራ ደግሞ ተሳፋሪ አይመጣም። ቸኮል በዚህ ክብ ውስጥ እንደ አውድማ በሬ ዞረ።

አንድ ቀን ከሙላው ጋር መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደግፈው፣ የኋላውን ጎማ ፈቱት። በየጎማው ውስጥ ድስት የሚመስል ብረት አለ፤ ታምቡር ይሉታል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ብረቶች ከውስጥ ተከፍተው ታምቡሩን ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። ብረት ብረትን እንዳይበላ ጨረቃዎቹ ሸራ የሚባል ጠንካራ ልባስ ይለብሳሉ። ሙላው ታምቡሩን በመዶሻ እየመታ ሲያወጣው ጥቁር ብናኝ በፊታቸው ላይ ቦነነ። ቸኮል በጨርቅ ጠራርጎ አየ። ሸራው አልቋል። ያያያዙት የመዳብ ምስማሮች ራሳቸው ወጥተው ታምቡሩን እንደ ማረሻ ይተልሙታል። ሲጮህ የሰነበተው እሱ ነው።

"የሌላውስ?" አለ ሙላው።

ሌላውም ከዚያ ብዙ አይሻልም ነበር። የፊቶቹ ብቻ ለጊዜው ይበቃሉ። አዲስ ሸራ የሚገኘው ጎንደር ነው፤ ዋጋውንም ቸኮል ያውቀዋል። ለጊዜው ከኪሳቸው በላይ ነው። ታምቡሩን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርገው መልሰው ገጠሙት። መኪናዋ ለአንድ ቀን ዝም አለች፤ ከዚያ ወደ ጩኸቷ ተመለሰች።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ወደ ቸኮል ቤት የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ያለች የአንዲት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። ሕዝቡ ለዓመታት አዋጥቶ የጣሪያ ቆርቆሮ አስገዝቷል።

"ቆርቆሮው ደብረ ታቦር ገባ" አሉ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከተቀመጡ በኋላ። "አንተ ታመጣልናለህ። ኪራይህን ቆርቆሮው የገባ ዕለት ትቀበላለህ።"

"መሪጌታ፣ መኪናዋ ሕመም ላይ ነች።"

"ሰምተናል። አገሩ ሁሉ ሰምቷል።" ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። "እኛም ችኮላ ላይ ነን፣ ልጄ። የድሮውን ሣር አንስተነዋል። አናጢዎቹ ማገሩን ጨርሰው ቁጭ ብለዋል። ትናንት ማታ ጉና ተራራ ላይ ደመና አይተሃል? ዝናቡ ከቀደመን የግድግዳው ሥዕል ይሄዳል። መንገዱም ይዘጋል፤ ቆርቆሮው እስከ ጥቅምት ደብረ ታቦር ይቀራል።"

ቸኮል መሬት መሬት አየ። እምቢ ቢል ሥዕሉ በዝናብ ይታጠባል፤ እሺ ቢል ያንን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ዝንጀሮ ገደልን በምስማር ሊወርድ ነው። "ጥቂት ቀን ይስጡኝ" አለ በመጨረሻ።

መሪጌታ ከወጡ በኋላ ባንቺዓለም ከጓዳ ብቅ አለች። "ሸራ ካላገኘህስ?"

"አልጭንም።"

"ትጭናለህ" አለች። "አውቅሃለሁ። እምቢ የሚል አፍ አልተፈጠረልህም።"

ያን ዕለት ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሲመሽ ወደ አእምሮው የመጣው ነገር ራሱን አስደነገጠው። የደጉ መኪና አሁንም ዝንጀሮ ገደል ሥር ተገልብጣ ተኝታለች። ከእሱ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ የእሷ ጨረቃ ለእሱ ጎማ ልክ ይሆናል። ሸራዋ አልቆ ነበር ይባላል፤ ግን አንዱ ጎማ እንኳ ትንሽ ቢተርፈው? ለሙላው ሲነግረው ሙላው "ታንጉን ሳትጠይቅ አትነካውም" አለ።

"እሱማ እንዴት ይሆናል" አለ ቸኮል። ያስፈራውም እሱው ነበር።

ታንጉ ከባሏ ሞት ወዲህ በገበያ ሽንኩርትና በርበሬ እየቸረቸረች ትኖራለች። የሞቱት ነጋዴዎች ቤተሰቦች ሰላምታ ነሥተዋታል። በተለይ ቦጋለች የምትባለው የአንደኛው ነጋዴ ሚስት፣ ታንጉ ያለችበት ለቅሶ ቤት አትገባም። ታንጉም ቅዳሴ ስታስቀድስ ከሴቶቹ ተለይታ ከዛፍ ሥር መቆም ለምዳለች። ቸኮል ሲገባ ባቄላ በሰፌድ ስትለቅም አገኛት።

"እትዬ ታንጉ፣ የመጣሁበትን ለመናገር አፌ ይከብደኛል።"

"ከከበደህ ተቀመጥና ተናገር።"

"የጋሼ ደጉን መኪና ፍሬን ልፍታ ብዬ ነው። ሸራ ቢተርፈው።"

ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። "ያ ፍሬን አይደል ሰው ገደለ የሚሉት?"

"ይላሉ።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ አልነበርሁም።"

"እኔም አልነበርሁም" አለች። "ጊደሬን ሸጦ ጎንደር ሄደ። ሲመለስ 'አሠራሁት፣ አሁን በሰላም ተኚ' አለኝ። ከሞተ በኋላ ሰው ገንዘቡን ጠጣው ሲል መጀመሪያ ተሟገትሁ። ሚስቱ ናት፣ ምን ትበል አሉኝ። ከዚያ ዝም አልሁ። እየዋለ እያደረ ደግሞ…" ከሰፌዱ ጠጠር አንስታ ጣለች። "እኔም ራሴ እንጃ ማለት ጀመርሁ። ጠጅ ይወድ ነበር፤ አልክድም።"

ቸኮል መሬት የወደቀ ባቄላ አንስቶ ወደ ሰፌዱ መለሰ።

"ውሰድ" አለች። "ዋጋ አልጠይቅህም። ግን ስትወርድ እኔም አብሬ እወርዳለሁ። ያየኸውን ደግሞ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ትናገራለህ። ሰው የሚያምነው ሾፌርን ነው።"

"እሺ" አለ ቸኮል። ከቤቷ ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደ ግን ቃሉ ምን እንደሆነ ገባው። ሸራው አልቆ ቢገኝ እሱ የሚፈልገውን ያጣል፤ በዚያም ላይ ወጥ ያበላችውን ሴት በአደባባይ በባሏ ሊያሳፍራት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱ ገደሉን ወረዱ። መንገድ የሚባል የለም፤ ዝንጀሮ የሚሄድበትን እየተከተሉ፣ ቁጥቋጦ እየጨበጡ ነው የወረዱት። ታንጉ ነጠላዋን በወገቧ ታጥቃ ከሙላው ኋላ ትወርዳለች፤ አንድ ጊዜም እርዱኝ አላለችም። መኪናዋ በጀርባዋ ተኝታ፣ አንድ የወይራ ግንድ ተደግፋ አገኟት። ጎማዎቹ የሉም፤ ሰው ለጫማ ቆርጦ ወስዷቸዋል። የጭነቱ ሣንቃ ተነቅሎ ማገዶ ሆኗል። የቀረው ብረት ብቻ ሲሆን ሐረግ ወጥቶበታል። ታንጉ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ወደ መኪናዋ አልዞረችም።

ዝገቱ ላይ ነጭ ጋዝ አፍስሰው እስኪጠጣው ጠበቁ። ከዚያ ሙላው መዶሻውን አነሳ። ድምፁ ከገደል ገደል ሲያስተጋባ ከላይ ያሉ ዝንጀሮዎች እየጮሁ ሸሹ። የመጀመሪያው ታምቡር ሲወጣ ከውስጡ ውኃ ፈሰሰ፤ ሸራው እንደ ረጠበ ቆዳ ተልጦ በቸኮል እጅ ላይ ፈረሰ። አዲስ ይሁን አሮጌ መለየት አይቻልም። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሙላው ላቡን ጠርጎ ወደ ታንጉ ሰረቅ አድርጎ አየ። እሷ ጀርባዋን እንደሰጠች ነው።

ሦስተኛው፣ ከኋላዎቹ አንዱ፣ ለመውጣት አሻፈረኝ አለ። ሁለቱም በየተራ መቱት። በመጨረሻ ሲላቀቅ ቸኮል ፊቱን ዞር አደረገ፤ ማየት ፈራ። እጁን ብቻ ወደ ውስጥ ሰደደ። ጣቱ የሸረሪት ድር ነካ፤ ድሩን አልፎ ሸራውን ነካ። ዳሰሰው። ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ከዚያ ነው ያየው። ሸራው ድርቅ ያለ፣ የጣት ውፍረት ያለው ነበር። የመዳብ ምስማሮቹ እንደተቀበሩ ናቸው፤ ምንም አልነካቸውም። አራተኛውም ሲከፈት እንደዚያው ነው።

"እትዬ ታንጉ፣ ይምጡ እስቲ።"

ተነስታ መጣች። ቸኮል እጇን ይዞ ጣቷን ሸራው ላይ አሳረፈላት።

"ይኼ አዲስ ነው?"

"አዲስ ነው። ከጥቂት ጉዞ በላይ አልሠራም። የእኔ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ሙላው አይቷል።"

ታንጉ ጣቷን አላነሳችም። "ጊደሬ እዚህ ነበረች ለካ" አለች በቀስታ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱ ወንዶች አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ቸኮል ጨረቃዎቹን ፈታ። የፈለገውን አግኝቷል፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን አንድ ሐሳብ እንደ ብርድ ገባበት። የደጉ ፍሬን ይህን ያህል ደህና ከነበረ ደጉን ምን ገደለው? እነዚህን ዓመታት ሁሉ የተደገፈበት ግድግዳ ከኋላው ተናደ። ከገደሉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ ዳር አንጋጠጠ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ሣር ብቻ ነው።

የደጉን ጨረቃዎች በራሱ መኪና የኋላ ጎማዎች ውስጥ ገጠሟቸው። ሙላው የተተለመውን ታምቡር በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ግማሽ ቀን አሸው። ጨርሰው በከተማው ውስጥ ሲሞክሯት መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ድምፅ የለም። የሙላው ጥርስ ታየ። ቸኮል ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ እንደገና ነድቶ እንደገና አቆመ፤ እንደገና ወረደ።

"ጩኸቷ ናፈቀህ?" አለው ሙላው።

"ስትጮህ መያዟን አውቅ ነበር" አለ ቸኮል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከኪዳነ ምሕረት ቅጥር በር ላይ ሲሰበሰብ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ስለ ቆርቆሮው ተናገሩና ወደ ቸኮል ዞሩ። ታንጉ ከዛፏ ሥር ቆማለች። ቸኮል በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። እውነቱን ከተናገረ ቆርቆሮ ለማምጣት አብረውት የሚሳፈሩት ሰዎች ሁለት ነገር ሊሰሙ ነው፦ የመኪናው ፍሬን ከሙት መኪና የወጣ መሆኑን፣ ያም ፍሬን ባለቤቱን አለማዳኑን። ከዚያ ወዲያ ማን ይሳፈራል? ማንስ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ያስጭነዋል? ቢሆንም ቃል ሰጥቷል። ታንጉም እያየችው ነው።

"የጋሼ ደጉን መኪና ፍሬን ፈትቼ አየሁ" አለ። "ውኃ ያልገባባቸውን ሁለቱን አገኘሁ። አዲስ ነበሩ። ገንዘቡን አልጠጣውም፤ አሠርቶበታል። እኔ በእጄ ዳስሻለሁ፣ ሙላውም አይቷል። አሁን የእኔ መኪና ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው።"

ቦጋለች ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ፊቷ ከስሏል። "እንግዲያ ባሌን ምን ገደለው?"

"አላውቅም" አለ ቸኮል።

"አታውቅም። እና በዚያ መንገድ ሰው ልትጭን ነው።"

ይህን ሲፈራ ነበር። ማጉረምረም ተነሳ። አንዳንዱ የሙት ዕቃ ያለበት መኪና የኪዳነ ምሕረትን ቆርቆሮ አይነካም አለ፤ አንዳንዱ ዝናቡን አስታወሰ። በመጨረሻ መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

"ይህ ሰው ዝም ሊል ሲችል አልዋሸንም" አሉ። "ቆርቆሮው ይምጣ። ከዝንጀሮ ገደል አናት ላይ ግን ሁላችንም ወርደን በእግራችን እንሄዳለን። ቸኮል፣ ትወርዳለህ ወይስ ይቅር?"

"እወርዳለሁ" አለ።

ከመሪጌታና ከጥቂት ምእመናን ጋር ደብረ ታቦር ሲደርሱ ቆርቆሮውን ጭነው ሌሊቱን እዚያው አደሩ፤ ጠዋት ተነሱ። ከቁልቁለቱ አናት ሲደርሱ ሰዎቹ ወረዱ። ሙላው ጎማ የሚያስደግፍበትን የእንጨት ጉማጅ ታቅፎ በእግሩ ሊከተል ከኋላ ቆመ። መሪጌታ በመስኮቱ በኩል "ኪዳነ ምሕረት ትከተልህ" አሉት። ቸኮል በአንደኛ ማርሽ ወረደ።

ጸጥታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራው። ፍሬን ይረግጣል፤ ምንም አይሰማም፤ መኪናዋ ግን ዝግ ትላለች። በየርምጃው፣ ባትይዝስ፣ ይላል በልቡ። ከኋላው ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ ያ ሁሉ ክብደት ጀርባውን ይገፋዋል። የመንገዱን የመጀመሪያ ዙር አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ደጉ የወደቀበት ዙር ላይ ሲደርስ የቋጥኙን ጥግ መያዝ ፈለገ፤ ነገር ግን ከላይ የተናደ ድንጋይ ያንን ጎን ዘግቶታል። ወደ ውጭው ዳር ማለፍ ነበረበት። ዳሩ ሣር ያበቀለ፣ የረጋ መሬት ይመስላል።

የኋላው ጎማ በቀስታ ወረደ። በቀስታ፣ ሰው አልጋ ላይ ሲቀመጥ አልጋው እንደሚሰምጠው። ቸኮል ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ተንጋዳ ቆመች። ቆርቆሮው ተንሸራቶ የሣንቃውን ዳር መታ።

"ፍሬንህን እንዳትለቅ" የሚል የሙላው ድምፅ ከኋላ መጣ። "አትንቀሳቀስ። ምንም አትንቀሳቀስ።"

ጎማው ሥር ያለው አፈር ሲንሸራተትና ድንጋይ ወደ ገደሉ ሲንኮታኮት ይሰማዋል። ሰዎቹ ሲሮጡ መጡ። ሙላው ጉማጁን ከጎማው ሥር ሸጎጠ፤ የቀሩት ድንጋይ እየተቀባበሉ ደረደሩ፤ ሌሎቹ ከገደሉ በኩል ያለውን ቆርቆሮ በየሁለት እየሆኑ አወረዱ። ቸኮል ይህን ሁሉ አላየም። የሚያየው ከፊቱ ያለውን ቋጥኝ ብቻ ነው። የረገጠው እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በሁለት እጁ ጉልበቱን ተጭኖ ያዘው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም።

"አሁን ወደፊት" አለ ሙላው። "በቀስታ።"

ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን ነካ፤ ጎማው ድንጋዩን ነክሶ ወጣ። ከዙሩ ወዲያ ሜዳ ሲያገኝ አቆመና ወርዶ መሬት ተቀመጠ።

ሰዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ዳሩን ያዩ ነበር። ሣሩ ሥር ባዶ ነው። ከቋጥኙ የሚወጣ ትንሽ ምንጭ ከመንገዱ በታች ሾልኮ አፈሩን በልቶ፣ ሰው የሚያስገባ ጎድጓዳ ሠርቷል። ከላይ የቀረው የሣር ሥር የያዘው ስስ አፈር ብቻ ነበር። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩና "ነፍስ ይማር" አሉ። ለማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

"ጋሼ ደጉን የጣለው ይኼ ነው" አለ አንዱ።

"ሊሆን ይችላል" አለ ቸኮል። "ማን አየ?"

ቢሆንም ሕዝቡ አመነ። ሰዎቹ ከተማ ሲገቡ ከቆርቆሮው በፊት ያራገፉት ይህንኑ ወሬ ነው። በዚያው ሳምንት ቦጋለች ወደ ታንጉ ቤት ሄደች። ምን እንደተነጋገሩ ታንጉ ለማንም አልተናገረችም፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ሁለቱ ከቅዳሴ ሲወጡ ጎን ለጎን ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከመውረዱ በፊት አለቀ። በበጋው ደግሞ ያዋጣው ሕዝብ ወጥቶ የዙሩን ዳር ከሥሩ በድንጋይ ገነባው፤ ምንጩንም በቦይ አሻገረው።

ቸኮል ኪራዩን ተቀብሎ ለፊት ጎማዎች አዲስ ሸራ ከጎንደር አስመጣ። ተሳፋሪውም ተመለሰ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ዳሩ ሁሉ ባዶ ይመስለው ነበር። በየዙሩ ያቆማል፤ ዱላ ይዞ ይወርዳል፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እየወጋ ይፈትሻል። ተሳፋሪዎቹ ከላይ ሆነው ያጉረመርማሉ። ሙላው አንዳንዴ ይቆጣዋል። ባንቺዓለም ሌሊት እግሩ ሲረግጥ መስማቷን አላቆመችም።

ጃንሆይ በወረዱበት ዓመት መሪውን ለሙላው ለቀቀና ጥማድ በሬ ገዛ። ከከተማው ዳር መሬት በመጋዞ፣ እህሉን ለባለመሬቱ እያካፈለ፣ ያርስ ጀመር፤ እጁም ለእርፍ እንግዳ አልነበረም። ጎረቤቶቹ አሁን ተዝናና አሉ። መኪናዋ ከደብረ ታቦር በምትመለስበት ቀን ግን ከቀትር በኋላ በሬዎቹን ፈትቶ ከመንገዱ ዳር ካለው ጉብታ ላይ ይወጣል። ባንቺዓለም ምሳውን ሸፍና ታስቀምጥለታለች። ሙላው ከሩቅ አቧራውን እያስነሳ በደህና መምጣቱን ሲያይ፣ ቸኮል ብድግ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሰላምታ እንኳ አይጠብቅም።